ሰው ያለበት ሜዳ

ጥቅምት 4

ለወንድሜ ልጅ፣ ለባለ አውቶቡሱ፤

ይህች ወረቀት እጅህ ስትገባ በሙሉ ጤናህ ታግኝህ። እኔ ወገቤንና ዓይኔን ከማማት በቀር ደህና ነኝ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይሁን። ባለፈው አንዷ ጎረቤቴ «ይሄ ሁልጊዜ የምትጽፊለት ልጅ ምንሽ ነው?» አለችኝ። «አባቱና እኔ የወንድማማች ልጆች ነን» ብላት «እህ፣ ሩቅ ነዋ!» አትለኝም? «ሩቅስ የሄደበት አገር ነው» አልኳትና አፏን ዘጋኋት።

ደግሞ «ስልክ ይደውሉ» እንዳትለኝ። በስልክ ያወራሁት አየር ላይ ይቀርብኛል። ይሄኛው ነገር ተቀምጦ መጻፍ ይፈልጋል።

ሰፈራችን ፈረሰ። መፍረስ መጀመሩን ሰምተሃል፤ አሁን ግን አልቋል ማለቴ ነው። ዳቦ ቤቱ፣ አባትህ ጫማ ይሰፋባት የነበረችው ጠባብ ሱቅ፣ የኔ ልብስ ስፌት ቤት፣ ሁሉም ሄደ። በቦታው መስታወት በመስታወት የሆኑ የቢሮ ሕንፃዎች ቆመዋል። በሥራ ቀን ክራባት ያሰረ ሰው ይርመሰመስበታል፤ እሁድ ግን የሚያስነጥስ እንኳ አታገኝም። እኔን ከከተማው ጫፍ፣ አዲሶቹ መኖሪያ ሕንፃዎች ጋ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወስደው አስቀምጠውኛል። የስፌት መኪናዬን መስኮቱ ሥር ተክያታለሁ።

የተረፈው ሜዳችን ብቻ ነው። የሰፈራችን ክለብ፣ ቢጫዎቹ፣ አሁንም እዚያው ይጫወታሉ፤ ግን ለማን? ባለፈው እሁድ ሁለት አውቶቡስ ቀያይሬ ሄድኩ። ኳሷ ተጠለዘችና ተመልካች መቀመጫው ላይ ወጣች። መልሶ የሚወረውር ሰው ጠፋ! በረኛችን ራሱ፣ ከቁመቱ የተነሳ ጣራው የምንለው ልጅ፣ አጥሩን ዘሎ ባዶውን ደረጃ እየወጣ አመጣት። ዳኛው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ጠበቀው። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ያንን ደረጃ ሰው ሞልቶበት የማውቀው ሰው ነኝ እኮ።

ማሊያቸውን ስለምሰፋ ኮሚቴ ውስጥ እንዳስገቡኝ ታውቃለህ። አምስት ነን፣ ሴት እኔ ብቻ። አሁን ከፊታችን የቀረበው ይሄ ነው፤ ወይ እዚያው ሆነን ቀስ እያልን እንጠፋለን፣ ወይ ሜዳውን ለቀን እዚህ እኔ ያለሁበት፣ ሕንፃዎቹ መሀል ወዳለው ባዶ መሬት እንመጣለን። ሊቀመንበራችን፣ ያ ጡረታ የወጣው መካኒክ፣ «እኔ በሕይወት እያለሁ ከዚህ ሜዳ ንቅንቅ የለም» ብሎ ጠረጴዛ ደበደበ። አንዱ ከሱ ጋር ነው ማለት ይቻላል፣ ሁለቱ ደግሞ ያመነታሉ። እኔ ገና አልወሰንኩም።

መጀመሪያ ይህን ስጽፍ ለጣራው የበረኛ ጓንት ላክልኝ ልልህ ነበር፤ የሱ መዳፉ ላይ አልቋል። ከተቻለህ ላክለት። ከዚያ የበለጠ የምፈልገው ግን ሌላ ነው። «ቤቴ የስታዲየም ግድግዳ ጥግ ነው» ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። እዚያ ሰው ወደ ኳስ የሚመጣው ከየት ነው? ለምንስ ይመጣል? አንተ የዓለሙን ሰው በአውቶቡስ የምታመላልስ ነህ፣ ሳታየው አትቀርም። ጻፍልኝ።

የምትነዳበትን መንገድ ሁሉ ደልዳላ ያድርግልህ።

አክስትህ

---

ኅዳር 17

ለማከብርዎት እትዬ፤

ከእግር ጥፍርዎ እስከ ራስ ጠጉርዎ ሰላም ይሁኑልኝ። ስለ ሰፈሩ የጻፉትን ሳነብ የአባቴ ሱቅ የሙጫ ሽታ ከወረቀቱ ላይ የመጣብኝ መሰለኝ። ደጋግሜ አነበብኩት። ጓንቱን ወደዚያ ለሚመጣ የሥራ ባልደረባ ሰጥቻለሁ። ትልቁን ቁጥር ነው የገዛሁት፤ ጣራ ከሆነ መዳፉም ጣራ ይሆናል ብዬ።

ወደ ጥያቄዎ ልግባ። የምነዳው ከወደቡ ተነስቶ እስከ ኮረብታው ላይ ሰፈር የሚደርሰውን መስመር ነው። የጨዋታ ቀን አውቶቡሴ ሻርፕ በጠመጠሙ ሰዎች ይሞላል። የሚገርመው የሚሳፈሩት ከሩቅ፣ ከከተማው ዳርቻ መሆኑ ነው። ስታዲየሙ ዙሪያ ከሚኖረው ሰው ጥቂቱ ብቻ ነው የሚገባው። ከወደቡ ወዲያ ደግሞ ሌላ ክለብ አለ፤ ከአውራ ጎዳናው ዳር አዲስ ስታዲየም ሠርተዋል። ያማረ ነው፣ መቀመጫው ሁሉ ባለ ቀለም። ግን ዙሪያው መጋዘንና የመኪና ማቆሚያ ነው። ባዶውን ሳየው ጥርሱ የረገፈ አፍ ይመስለኛል።

አሁን ደግሞ ያየሁትን ተአምር ልንገርዎት። ባለፈው ወር የታመመ ሾፌር ተክቼ ከተራሮቹ ማዶ ወዳለች ትንሽ ከተማ ሄድኩ። እሁድ ከሰዓት ደረስኩ። መንገዱ ጭር ብሏል። ዳቦ ቤቱ ዝግ፣ ፀጉር ቤቱ ዝግ። መድኃኒት ቤቱ በር ላይ «ሜዳ ነኝ፤ የባሰበት እዚያ ይምጣ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። «ምን መጥቶባቸው ነው?» ብዬ ድምፅ ወደሰማሁበት ሄድኩ። እትዬ፣ ከተማዋ በሙሉ እዚያ ነበረች! አራስ ልጅ ታቅፋ የምታጠባ ሴት፣ ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ፣ ከነሽርጡ የመጣ ሥጋ ሻጭ። ሜዳው ትንሽ ነው፣ የአንድ ሰፈር ሜዳ ያህል። ድምፁ ግን ከተራራው ጋር እየተጋጨ ሲመለስ ፀጉሬ ቆመ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

አጠገቤ ለቆመው ሥጋ ሻጭ «ሁሉም ሰው ይመጣል እንዴ?» አልኩት።

«ታዲያ የት እንሂድ?» አለኝ። «ሌላ ክለብ ለማየት ተራራውን ማለፍ አለብን። ያለን ይሄ ነው።»

የገባኝ ይሄ ነው፤ ትልቅ ከተማ ውስጥ ሰው ብዙ ነው፣ ክለቡም ብዙ ነው፣ ሰዉን ይካፈሉታል። እዚያች ከተማ ግን የሚካፈል የለም። ያለው ሰው ሁሉ የአንዱ ነው።

የኛ ስታዲየም ውስጡ ያው ነው። ከጓደኞቼ ጋር ገብተን አይተናል፣ ደስ ይላል። እዚህ ሁሉም ሰላም ነው፤ ለእኔ አያስቡ።

እጅዎን እስማለሁ።

ልጅዎ

---

ታኅሣሥ 20

ለልጄ፤

ፍቅርና ሰላም ይብዛልህ። ስለዚያች ትንሽ ከተማ የጻፍከውን ለኮሚቴው ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። መድኃኒት ቤቱ ጋ ስደርስ ሊቀመንበሩ እንኳን ሳያስበው ሳቀ።  «ያለው ሰው ሁሉ የአንዱ ነው» የሚለው አላስቀምጥ አላቸው።

አንተን ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ተራራ ተሻግረህ ያየኸውን ሥጋ ሻጭ ከነሽርጡ ሳልክልኝ። አልጋህ አጠገብ ያለውን ስታዲየም «ውስጡ ያው ነው» ብለህ አለፍከው። «ጓደኞቼ» ስላልካቸውም ረጅም ይሁኑ አጭር፣ ምን እንደሚሠሩ፣ ምን እንደሚያስቁ አንዲት ቃል የለችም። የመርፌ ቀዳዳ ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ክር ያላለፈበት ቦታ ይታወቀኛል። አልቆጣህም። ግባና እይልኝ።

አሁን የኔን ጭንቀት ስማ። ሁለት ለሁለት ተከፍለናል፤ አምስተኛዋ እኔ ነኝ። ውሳኔው ለጊዜው ተላልፏል።

እዚህ ሰው አለ፣ ያውም የሰው ጎርፍ! ማለዳ መስኮቴ ላይ ቆሜ ሰው ከየደረጃው እየወጣ ወደ አውቶቡስ ሲወርድ ሳይ፣ ይህ ሁሉ ነፍስ ሌሊት የት ተኝቶ አደረ እላለሁ። አንዱ ደረጃ ብቻ የድሮው መንገዳችን ላይ የነበረውን ሰው ሁሉ ይይዛል። ግን ከየሰፈሩ ፈርሶበት የመጣ ነው። ደረጃ ላይ ሲተላለፍ አንገቱን ደፍቶ ነው። በየበረንዳው የተንጠለጠለውን ባንዲራ ብትጠይቀኝ ደግሞ ቀይ ነው። የትልቁ ክለብ። ከመሀል ከተማ ይዘውት መጡ። ቢጫ የለም፣ ከእኔ በረንዳ በቀር።

አየህ፣ ሰው ወዳለበት እንሂድ ስል ሰዉ የሌላ ነው። እዚያ እንቆይ ስል ሰው የለም። ስፌት ላይ ተቀምጬ ይሄንኑ አወጣለሁ፣ አወርዳለሁ።

ጓንቱ ደርሷል። ጣራው እንቅልፍ ወስዶት እንኳ አያወልቀውም አሉ።

አክስትህ

---

የካቲት 25

ለእትዬ፤

እንደምን ከረሙ? መልስ እስክሰጥ ይህን ያህል መቆየቴ ከስንፍና አይደለም። የጠየቁኝን ሳላደርግ ልጽፍ አፈርኩ።

እውነት ለመናገር ከስታዲየሙ ግድግዳ ጥግ እየኖርኩ አንድ ቀን ገብቼ አላውቅም ነበር። ጎል ሲገባ የመስኮቴ መስታወት ይንቀጠቀጣል፤ እኔ ሻይዬን ይዤ ግድግዳውን አያለሁ። የኔ ነገር አይደለም ብዬ አስብ ነበር። ጓደኛም የለኝም፣ እትዬ። ሾፌሮቹ ደግ ናቸው፤ ሥራ ሲያልቅ ግን ሁሉም ወደየቤቱ ነው። ሐሳብ እንዳይገባዎት ብዬ ነው ያን የጻፍኩት።

ባለፈው ቅዳሜ ገባሁ። መግቢያው ጠባብ፣ ጨለም ያለ የሲሚንቶ ደረጃ ነው፤ ትንፋሽ እያጠረኝ ወጣሁት። ጫፉ ላይ ስደርስ ሜዳው ከሥሬ ተከፈተ። እንዲያ ያለ አረንጓዴ! ዙሪያውን ሰው፣ ሰው፣ ሰው። መዝፈን ሲጀምሩ ቃሉ አልገባኝም፣ ግን እግሬ ሥር ያለው ሲሚንቶ ሲርገበገብ ጉልበቴ ድረስ ተሰማኝ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ከአልጋዬ ሃያ እርምጃ ወዲያ ይሄ ነበር ለካ!

አጠገቤ ባለ ቆብ ሽማግሌ ተቀምጧል። «ከየት ነው የመጣኸው?» አለኝ። አገሬን የጠየቀኝ መስሎኝ ነገርኩት።

«እሱን አላልኩም። ዛሬ ከየት መጣህ?»

«ከዚህ ግድግዳ ጀርባ። እዚያ ነው ቤቴ።»

ሽማግሌው ቆቡን አወለቀ። «እኔ እዚያ መንገድ ላይ ነው የተወለድኩት» አለ። «ቤት ሲወደድ ሁላችንም ወደ ዳርቻ ወጣን። አሁን ለመምጣት ሁለት ባቡር እቀይራለሁ። ታዲያ አንተ ይህን ያህል ዓመት እዚህ ስትኖር ግባ ያለህ ሰው የለም?»

«የለም።»

 ሜዳውን እያየ «እኛ ደግሞ መቀመጫው ከድሮው ለምን ሳሳ እያልን እንነጫነጫለን» አለ። ከዚያ ከቴርሞሱ ቡና ቀድቶ በክዳኑ ሰጠኝ።

እትዬ፣ የኮሚቴውን ነገር የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ አንድ ሰው በሬን አንኳኩቶ «ና፣ ጨዋታ አለ» ቢለኝ ኖሮ በመጣሁ በሳምንቱ የዚህ ክለብ ሰው እሆን ነበር። አንድ ሰው ብቻ።

ልጅዎ

---

መጋቢት 29

ለልጄ፤

ብቻህን መሆንህን ሳነብ ወረቀቱን አጥፌ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩትና ትንሽ አለቀስኩ። ከዚያ ተነስቼ ሥራ ጀመርኩ። ለሽማግሌው ሰላምታዬን ንገርልኝ። ቡና ያጠጣህ እጁ ይባረክ።

ድምፄን ሰጠሁ። እንመጣለን አልኩ። ሊቀመንበሩ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። «አንቺ ከሁሉም ይልቅ!» አለኝ። ይህችን ብቻ። ከዚያ ወዲህ አናግሮኝ አያውቅም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ያዝኩ። «ተጫዋቾቹም እዚያው ሕንፃዎቹ ውስጥ ይኑሩ» አልኩ። «ከሌላ ሰፈር መጥተው ተጫውተው የሚሄዱ ከሆነ ሰርከስ ነው።» አሰልጣኙ ደገፈኝ። አሁን ሁለት ሁለት እየሆኑ በየብሎኩ ተከራይተዋል። ጣራው ከኔ በላይ አምስተኛ ፎቅ ነው። ውሃ እዚያ ድረስ አይወጣም፤ ስለዚህ በየማለዳው ለራሱ ሲቀዳ ለጎረቤቱ አሮጊትም ጀሪካን ተሸክሞ ይወጣል። አሮጊቷ ኳስ ተጫዋች መሆኑን አታውቅም። «ቁመቱ እንዲህ የሆነው ሸክም ጎትቶት ነው» ትላለች።

እኔ ደግሞ ሜትሬን አንገቴ ላይ አጥልቄ በር ማንኳኳት ይዣለሁ። አንዳንዱ ሜትሩን አይቶ መጋረጃ ልትለካ የመጣች ይመስለዋል። «ሜዳ ተከፍቶላችኋል፣ የእናንተ ነው፣ ኑ» እላለሁ። «እሺ፣ እናያለን» ይሉኛል። እሺ እናያለን የሚባለውን ነገር ታውቀዋለህ። ከኔ ፊት ለፊት ያለችው ነርስ ግን አላመነታችም። «እማማ፣ እኔ ቀይ ነኝ። ቀይ ሆኜ ተወልጄ ቀይ ሆኜ ነው የምቀበረው» ብላ በሩን በፈገግታ ዘጋችው።

ደግሞ ዕጣችንን እይልኝ! የመጀመሪያ ጨዋታችን ከማን ጋር ሆነ? ከቀዮቹ።

ምንም ነገር እንድትልክልኝ አልፈልግም። ጸሎትህን ብቻ።

አክስትህ

---

ግንቦት 15

ለእትዬ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ጨዋታው ያለፈ መስሎኝ በየቀኑ የፖስታ ሳጥኔን እከፍታለሁ። ባዶ ነው። እንዲህ ዘግይተው አያውቁም።

ከድሮ ሰፈር ሰው ጋር ድንገት ተገናኝቼ አንድ ነገር ሰማሁ። በርዎ ላይ በቀለም «ሜዳችንን የሸጠች» ብለው ጽፈዋል አለኝ። እውነት ነው? ለምን አልነገሩኝም? እርስዎ የኔን ክር ያላለፈበትን ቦታ አይተው የለ? እኔም ማየት ጀምሬያለሁ።

የኔን ደስታ ላካፍልዎት። አሁን በየጨዋታው እገባለሁ። ባለፈው ከፎቄ ሁለት ቤተሰብ ይዤ ሄድኩ፤ አንዱ ዳቦ ጋጋሪ፣ አንዷ ፅዳት ሠራተኛ ናት። እነሱም እንደኔ ግድግዳውን ሲያዩ የኖሩ ናቸው። ሽማግሌው ተሰብስበን ስንገባ አይቶ እጁን አውለበለበ። ለካ ቦታ ይዞልን ነበር!

አንዲት መስመርም ቢሆን ይጻፉልኝ።

ልጅዎ

---

ሰኔ 2

ለልጄ፣ ለዓይኔ ብርሃን፤

እንኳን ደስ ያለህ ልበል ወይስ ምን ልበል? ፊደሌ ቢጣመም ይቅር በለኝ። ጨዋታው በዝናብ ምክንያት ሁለት ጊዜ ተላልፎ ነበር። ትናንት ተጫወትን።

የበሩ ነገር እውነት ነው። አልነገርኩህም፤ ምን ብዬ? የጻፉት የማውቃቸው ልጆች ናቸው፣ ሱሪያቸውን ያሳጠርኩላቸው። ልፋቀው ብል አልለቅ አለ። ጣራው አየና የሜዳውን መግቢያ ከቀቡበት የተረፈ ቢጫ ቀለም አምጥቶ በሩን ከላይ እስከ ታች ቀባልኝ። አሁን ከሩቅ የሚታይ በር አለኝ።

ትናንት ከሰዓት በፊት ጀምሬ መግቢያው ላይ ቆምኩ። ሜዳችን አራት ማዕዘን ባዶ መሬት ነው፤ በአራቱም በኩል ሕንፃ። ተመልካች የሚቀመጥበት በአንድ ወገን የተደረደረ ጣውላ ብቻ አለን። ቀዮቹ በሁለት አውቶቡስ ደጋፊያቸውን ይዘው መጡ፣ እየጨፈሩ ገቡ። የኛ ጣውላ ላይ ጥቂት የድሮ ሰዎች፣ ከነሱ ጥግ ብቻውን ሊቀመንበሩ። መጣ! ግን ፊቱን አዞረብኝ።

ቀና ስል በየበረንዳው ያለው ቀይ ባንዲራ ነው። በገዛ ቤታችን እንግዳ ሆነን ቀረን አልኩ። ጣውላው ላይ ቁጭ አልኩ።

ተጫዋቾቹ ሲገቡ ግን አንድ ነገር ሆነ። በመጀመሪያ ልብስ ከገመድ ላይ ሲለቀም አየሁ። በሁሉም ፎቅ፣ በአንድ ጊዜ፣ አንሶላውን፣ ብርድ ልብሱን ይሰበስባሉ። ለምን ይሆን ስል፣ ለካ ሜዳው እንዲታያቸው ነው። ከዚያ ሰው መውጣት ጀመረ። በርጩማ ይዞ፣ ሕፃን ታቅፎ፣ ሽንኩርት የምትልጥ ከነቢላዋ፣ ሽማግሌ አባቱን ከነወንበሩ ተሸክሞ የሚያወጣ ጎልማሳ። በረንዳ ያጣው መስኮት ላይ፣ መስኮት ያጣው ደረጃው ላይ። ከምድር ጀምሮ እስከ መጨረሻው ፎቅ፣ በአራቱም ወገን፣ ቀና ባልኩ ቁጥር ሰው በሰው ላይ ተደርቦ ወደ ሰማይ ይሄዳል። የቀዮቹ አጥቂ መሀል ሜዳ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ሲዞር አየሁት፤ ጉድጓድ ውስጥ የገባ ሰው መሰለ። እኔም አፌን ይዤ ቀረሁ። እነዚህ ሁሉ አብረውኝ ነበር የሚኖሩት?

ግን ቀይ ናቸው፣ ልጄ። ጨዋታው ተጀመረ፣ እነሱም ለቀይ ጮሁ። ብዙም ሳይቆይ ቀዮቹ አገቡብን። ሕንፃዎቹ ጩኸቱን እየተቀባበሉ አናቴ ላይ አወረዱት። ጣራው በደረቱ ጭቃው ላይ እንደተዘረጋ ቀረ።

ጩኸቱ በረድ ሲል ከአምስተኛ ፎቅ አንድ ቀጭን ድምፅ ወጣ። አሮጊቷ ናት። ኳስ የት እንዳለ አታውቅም፤ ልጁ መሬት ላይ መተኛቱን ብቻ አየች። «ማነው የመታብኝ? ውሃዬን የሚያመጣልኝ ልጅ እኮ ነው! ተነስ አንተ! ተነስ ልጄ!»

ሳቅ ከብሎክ ብሎክ ዞረ። ጣራው ራሱ ከጭቃው ላይ ቀና ብሎ ሳቀ፣ እጁን አነሳላት። ከሳቁ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ተከተለ። ሰዉ ዓይኑን አጥብቦ ተጫዋቾቹን ያያቸው ጀመር። «ያኛው የኛ ደረጃ ላይ ያለው አይደል?» «ቁጥር ሰባቱ አምፖላችንን የቀየረው ነው!» «ይሄማ ዳቦ ስገዛ ሁሌ ሰልፍ ላይ ከፊቴ ነው!» በረንዳ ለበረንዳ መጠያየቅ ሆነ። አንገት ደፍተው የሚተላለፉ ሰዎች፣ ልብ በል፣ ከሕንፃ ሕንፃ ይጣሩ ጀመር።

ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ዳኛው ለቀዮቹ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ።  ጣራው የላክህለትን ጓንት መዳፍ እንትፍ አለበትና ጎሉ መሀል ቆመ። አሮጊቷ «አይዞህ!» አለች። ከሥሯ አራተኛ ፎቅ «አይዞህ!» አለ። ከዚያ ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ አንድ ብሎክ፣ ሁለት ብሎክ፣ አራቱም ወገን አንድ ላይ «አይዞህ! አይዞህ!» ይል ጀመር።  ይሄ ድምፅ ከጉሮሮ የሚወጣ አልመሰለኝም፤ ግድግዳው፣ ሲሚንቶው የሚናገር ነው የመሰለኝ። የቀዮቹ አጥቂ ኳሷን አስቀመጠ፣ አነሳ፣ እንደገና አስቀመጠ። መታ። ጣራው ያን ቁመቱን ሁሉ ወደ ግራ ወረወረውና በጣቱ ጫፍ አወጣት!

ከዚያ የሆነውን ልጽፈው አልችልም። ድስት መደብደብ፣ እልልታ፣ ሰው ሰው ላይ ሲወድቅ። ነርሷን ፈለግኳት። ቀዩን ባንዲራዋን ከብረቱ ላይ ፈትታ በጥንቃቄ አጣጥፋ ክንዷ ሥር ይዛዋለች። አየችኝ። «እንዳትሳሳቺ እማማ!» ብላ ጮኸች። «ቀይ ነኝ! ዛሬ ብቻ ይረፍ ብዬ ነው!»

ተሸንፈናል። እንዳይምታታብህ፣ አንድ ለባዶ ተሸንፈናል። ክብሪት የምንለው ትንሹ አጥቂያችን መጨረሻ ላይ የጎሉን ብረት መታ፣ በቃ። ፊሽካው ሲነፋ እሁድ እንደለመድነው ሁሉም ወደየቤቱ የሚገባ መሰለኝ። የማንም በር አልተዘጋም። ይልቅ በየደረጃው የእግር ድምፅ ሰማሁ፣ እንደ ዶፍ ዝናብ። እየወረዱ ነበር። ሜዳው ላይ ፈሰሱ። ተጫዋቾቹን እያቀፉ «ስንተኛ ፎቅ ነህ?» ይላሉ። እርስ በርሳቸውም «እኔ እኮ ከናንተ በላይ ነኝ፣ የምትሰሙትን ወንበር የምጎትተው እኔ ነኝ» እየተባባሉ ይተዋወቃሉ። ጣራው ቤቱ ለመግባት ሲሞክር በየፎቁ በር እየተከፈተ ይዘው ያስቀሩታል አሉ።

ሊቀመንበሩ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ሕንፃዎቹን ያያል።

«ኳስ ካወቅኩ ጀምሮ» አለ፣ «ደጋፊ ለማየት ወደ ላይ ቀና ብዬ አላውቅም።»

«አንገትህን ያምሃል፣ ተቀመጥ» አልኩት። ተቀመጠ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል፤ እኔም ያላየሁ መሰልኩ።

ሲመሽ መብራት በየመስኮቱ በራ። ሰዉ ግን አልገባም። ከሜዳው ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ ሜዳ ይነጋገራል። መሀል ሜዳ ላይ ጭቃው ውስጥ ቆሜ ዙሪያዬን አየሁ። የድሮው ደረጃችን ሲሞላ ትልቅ ነገር ይመስለኝ ነበር፣ ልጄ። ይህን የመሰለ ግን በዕድሜዬ አላየሁም፤ ሰው የሚተኛበት፣ የሚያበስልበት፣ የሚያለቅስበት መስኮት ሁሉ ወደ አንድ ሜዳ ዞሮ።

ዛሬ ከማለዳ ጀምሮ ቢጫው በሬ አላረፈም። ለልጄ፣ ለባሌ፣ ለኔ እያሉ ማሊያ ያዝዙኛል። አሮጊቷም «ለኔም፣ ግን ሙቀት ያለው ይሁን» ብላ ልካብኛለች። ያለኝ ጨርቅ አልቋል። ነገ ጨርቅ ልገዛ ገበያ እወርዳለሁ። ባለ ሱቁ «ስንት ሜትር?» ቢለኝ ምን ብዬ እንደምመልስለት ግን አላውቅም።

አክስትህ